የሳር ወተት፣ የፋጉሎ ወተት፣ የአተላ ወተት፦ የቱን እንግዛ?

እኛ ሰፈር፣ ቡራዩ ማለቴ ነው፣ ወተት የሚሸጡ ሦስት ቤቶች አሉ። አንደኛዋ እማማ ሁለት የሀበሻ ላሞች አሏቸው፣ ሜዳ ነው የሚያሰማሯቸው፣ ወተቱ ትንሽ ስለሆነ ሰው ይሻማበታል። ሁለተኛው ቤት አራት ዲቃላ ፍሪዥያን ላሞች በረት ውስጥ አስሮ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ (የቅባት እህል ተጨምቆ የሚቀረው) ያበላል። ሦስተኛው ደሞ ከጠላና ከአረቄ ቤት አተላ እየሰበሰበ ነው የሚቀልባቸው፣ ዋጋውም ከሁሉም ይረክሳል። እና ሁሌ የሚነሳው ጥያቄ የቱ ይሻላል ነው። አንዱ ወፍራሙን ግዛ ይላል፣ ሌላው ቢጫ ካልሆነ ወተት አይደለም ይላል፣ ሌላው አተላ የጠጣች ላም ወተቷ ውሃ ነው ይላል። እኔ ለስድስት አመት ሁለት ላም አርብቼ ስለነበር በሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ፣ ሻጭም ገዢም ሆኜ፣ እና ሦስቱም ሰዎች ግማሽ ግማሽ ነው ልክ የሆኑት።

መጀመሪያ መኖ ምኑን እንደሚቀይር ምኑን እንደማይቀይር እንለይ፣ ምክንያቱም ክርክሩ የሚበላሸው እዚ ጋ ነው። ወተት 87 ከመቶ ገደማው ውሃ ነው፣ ቀሪው ቅባት፣ ፕሮቲን፣ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳርና ማዕድን ነው። ከነዚህ ውስጥ በመኖ በደንብ የሚቀየረው ቅባቱ ነው፣ መጠኑም አይነቱም። ፕሮቲኑ ትንሽ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። ላክቶስ አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ካልሺየምም እንደዛው፣ ላሟ በመኖዋ ካልሺየም ባታገኝ እንኳ ከራሷ አጥንት እየሳበች ወተቱ ላይ ታሟላዋለች፣ እሷ ትጎዳለች እንጂ የናንተ ብርጭቆ አይጎድልም። ስለዚ "ለልጄ አጥንት ብዬ የሳር ወተት ነው የምገዛው" የሚል ሰው ካለ ገንዘቡን ይቆጥብ፣ በካልሺየም በኩል ሦስቱም ቤት አንድ ናቸው።

ሌላው የሚገርመኝ ወሬ ውሃ የጠጣች ላም ወተቷ ይቀጥናል የሚለው ነው። ውሃውን ወደ ግቷ የሚስበው ላክቶስ ነው፣ እሱ ደሞ መጠኑን ጠብቆ ነው የሚሄደው፣ ስለዚ ብዙ ብትጠጣ ወተቱ ይበዛል እንጂ አይቀጥንም። አንድ ላም ለአንድ ሊትር ወተት ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ትፈልጋለች፣ ውሃ መከልከል ማለት ወተት መከልከል ነው። ወተት ውስጥ ውሃ የሚገባው ከታለበ በኋላ ነው፣ በጆግ።

እሺ ቅባቱ ለምንድነው የሚቀየረው? ላም ሳሩን ራሷ አይደለችም የምትፈጨው፣ ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው የሚያብላሉት። ሳር፣ ድርቆሽ፣ ጭድ የመሰለ ገለባ ነገር ስትበላ ቁጭ ብላ ታመሰኳለች፣ ባክቴሪያዎቹ ከዛ አሴቲክ አሲድ ያወጣሉ (ያው ኮምጣጤ ላይ ያለው) እና የወተቱ ቅባት በብዛት የሚሰራው ከሱ ነው። እህልና ዱቄት ነገር ስታበዙባት ደሞ ሌላ አይነት አሲድ ይበዛል፣ እሱ ጉልበት ይሰጣታል፣ የወተቱን ሊትር ይጨምራል፣ ቅባቱን ግን ያወርደዋል። በጣም ከበዛ ጭራሽ ጨጓራዋ ኮምጣጣ ይሆንና ባክቴሪያዎቹ ግቷን "ቅባት መስራት አቁም" የሚል አይነት ስብ ማምረት ይጀምራሉ። እኔ ይሄን በራሴ ላም ነው ያየሁት፣ ድርቆሽ ሲወደድ ቀንሼ ፉርሽካ ጨመርኩ፣ ሊትሩ አልቀነሰም እንደውም ጨመረ፣ ባለቤቴ ግን እርጎውን ስትንጠው ቅቤው የለም። ድርቆሹን መልሼ ካስተካከልኩ በኋላ ራሱ ወደ ቦታው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀ።

አሁን ወደ ምርጫው።

ከሳሩ እንጀምር። እርጥብ ሳር ላይ ትክክለኛ ልዩነት አለ፣ ወሬ ብቻ አይደለም። አረንጓዴ ነገር ውስጥ ቤታ ካሮቲን አለ፣ ካሮት ላይ ያለው ማለት ነው፣ ላሟ ከፊሉን ወደ ቫይታሚን ኤ ትቀይረዋለች ቀሪው እንዳለ ቅባቱ ውስጥ ይገባል፣ የመስከረም ቅቤ ቢጫ የሚሆነው ለዚ ነው። ፍየል ካሮቲኑን ሙሉ በሙሉ ስለምትቀይረው ቅቤዋ ነጭ ነው፣ እና ነጭ ሁሉ ቫይታሚን የለውም ማለት አይደለም። ቫይታሚን ኢ እርጥብ ሳር ላይ ይበዛል፣ ኦሜጋ 3 እና ሲኤልኤ የሚባለው ስብም ይጨምራል፣ ቅቤውም ለስለስ ይላል።

ግን ስንት ነው የሚጨምረው? 2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሳርና ድርቆሽ ብቻ የበሉ ላሞችን ወተት ከመደበኛው ጋር አወዳድሮ ነበር፣ 100 ግራም ወተት ላይ ኦሜጋ 3ቱ 0.05 ግራም ሲሆን መደበኛው ላይ 0.02 ግራም ነው።  በመቶኛ ስታስቡት እጥፍ ከምናምን ነው፣ ያስደነግጣል። በብርጭቆ ስታስቡት ግን አንድ ብርጭቆ የሳር ወተት ላይ የምታገኙት 0.12 ግራም ገደማ ነው፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ግን ከ1 ግራም ተኩል በላይ አለው። ተልባ እያለን ለኦሜጋ 3 ብሎ ወተት በእጥፍ ዋጋ መግዛት ለኔ አይገባኝም። ለጣዕሙ፣ ለቅቤው፣ ለቫይታሚን ኤው ከሆነ ግን እሺ።

ደሞ "የሳር ወተት" የሚለው ስም በወር ይለያያል። ከሐምሌ እስከ ህዳር እውነት ነው። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ ላይ ግን ሜዳው የታለ? አፈር ነው። ላሟ የምትቦጫጭረው ደረቅ ነገር ነው፣ ማታ ቤት ገብታ ጭድ ነው የምትበላው፣ ሻጩ ግን አሁንም "የሜዳ ነች" ይላል፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ከተማ ዳር ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ግጦሽ የሚባለው መንገድ ዳር ፌስታልና ቆሻሻ መሃል ሊሆን ይችላል፣ እንደ አቃቂ ያለ የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ የምትጠጣ ላምም የሜዳ ላም ትባላለች። የእማማን ላሞች የት እንደሚሰማሩ ሄጄ አይቼ ነው የተረጋጋሁት፣ እናንተም እዩ።

ድርቆሽ የሳሩ ወንድም ነው ግን ታናሽ። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ካሮቲኑ በብዛት ይጠፋል፣ ብዙ ቀን ከተሰጣ ደሞ ነጭ ገለባ ነው የሚሆነው። የሱሉልታና የሰንዳፋ አካባቢ ድርቆሽ ጥሩ ስም አለው ነገር ግን ስሙ ሳይሆን የታጨደበት ጊዜ ነው ዋናው፣ ዝናብ እንዳበቃ አበባ ላይ እያለ የታጨደና ዘግይቶ ዘሩን ካራገፈ በኋላ የታጨደ አንድ አይደሉም፣ የዘገየው ፕሮቲኑ ወርዶ እንጨት እየሆነ ነው። ስትገዙ ቀለሙን እዩ፣ አረንጓዴ ነገር ካለው፣ ሲሸት የሳር ሽታ ከሸተተ፣ ቅጠል ካለው ግዙት። አልፋልፋ ወይ አጃና ቬች (ለመኖ የሚዘራ ጥራጥሬ) ቀላቅሎ ዘርቶ የሚያጭድ ገበሬ ካገኛችሁ እሱን አትልቀቁት፣ ፋጉሎ ያስቀንስላችኋል።

ጭድ ላይ ብዙ አልልም። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል፣ ለማመስኳት ይጠቅማል፣ ፕሮቲኑ ከ4 ወይ ከ5 ከመቶ ብዙም አይዘልም። ጭድ ብቻ የምትበላ ላም ቅባቱ ወፍራም የሆነ ትንሽ ወተት ትሰጣለች ከዛ ትከሳለች፣ ወፍራም ወተት ማለት በደንብ የበላች ላም ማለት አይደለም የምለው ለዚ ነው። ጭድ ብቻ ያለው ሰው በዩሪያ ማከም ይችላል፣ 100 ኪሎ ጭድ ላይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ አሟሙቶ ረጭቶ አየር እንዳያስገባ ሸፍኖ ሦስት ሳምንት ማቆየት፣ ከዛ አናፍሶ ቀስ በቀስ ማስለመድ። ዩሪያውን ደረቁን መስጠት ግን ላም ይገድላል፣ ቀልድ የለውም።

ፉርሽካና ፉርሽኬሎ (ሁለቱም ስንዴ ሲፈጭ የሚተርፉ ናቸው)፣ ያለነሱ ዲቃላ ላም አትታለብም፣ አብዛኛው ሰው በአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ሂሳብ ነው የሚሰጠው። ችግሩ ፎስፈረሱ ብዙ ካልሺየሙ ትንሽ ነው፣ ስለዚ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይ የማዕድን ጨው ካልተጨመረ ላሟ ከወለደች በኋላ ልትወድቅ ትችላለች። እዚ ጋ አንድ የማይወራ ነገር ልጨምር፣ አዮዲን። ወተት ላይ ያለው አዮዲን ላሟ በበላችው ልክ ነው የሚሄደው፣ ከካልሺየም በተቃራኒ። እኛ ደሞ ላሞቻችንን የምናስልሰው አሞሌ ነው ወይ ቦሌ የሚባለው ጨዋማ አፈር ነው፣ እነሱ ላይ አዮዲን አልተጨመረም። ደገኛው አገር አዮዲን የሚያንሰው መሬት ስለሆነ ከአሞሌው ጎን ትንሽ አዮዲን ያለው የገበታ ጨው መቀላቀል ለላሟም ለጠጪውም ነው።

አሁን ዋናው፣ ፋጉሎ። ይሄ ላይ ረዘም ልበል ምክንያቱም የሰፈር ክርክር ላይ ቅባትና ቀለም ብቻ ነው የሚነሳው፣ ለኔ ግን የትኛውን ቤት ልግዛ የሚለውን የሚወስነው ይሄ ነው።

ፋጉሎ የኑግ ዘይት ሲጨመቅ የሚቀረው ነው፣ ፕሮቲኑ ከፍተኛ ነው፣ ላም ትወደዋለች። ብዙ አርቢ የሚያስበው ፋጉሎ ፕሮቲን ስለሆነ ስጨምር ወተቱም ፕሮቲን ይሆናል ነው፣ እንደዛ አይሰራም፣ የተረፈው ፕሮቲን ዩሪያ ሆኖ በሽንትና በወተት ይወጣል፣ ብሩ አብሮ ይወጣል። የወተቱን ፕሮቲን ከፍ ማድረግ የሚቻለው ላሟ በቂ ጉልበት ሰጪ ነገር ስታገኝ ነው። ይሄ ግን ኪሳራ ብቻ ነው፣ አደጋው ሌላ ነው።

ፋጉሎ እርጥበት ባለበት መጋዘን ሲቀመጥ ሻጋታ ይይዛል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ ላሟ ስትበላው ጉበቷ ይቀይረውና አፍላቶክሲን ኤም1 ሆኖ ወተቱ ውስጥ ይገባል። ጉበት ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ውስጥ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ወተት ላይ የተሰራ ጥናት አለ፣ 110 የወተት ናሙና ወስደው ሁሉም ላይ አገኙት፣ በአውሮፓ ህብረት ገደብ (በሊትር 0.05 ማይክሮግራም) ውስጥ የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ፣ ከፍተኛው ወደ 5 ማይክሮግራም ደርሷል። መኖውንም ሲመረምሩ ብክለቱ ፋጉሎ ካለበት መኖ ጋር ነው አብሮ የሄደው። ውጤቱ ወሬ ሆኖ በወጣ ጊዜ ከተማው ወተት መግዛት ቀንሶ ነበር፣ ከዛ ተረሳ። የአውሮፓው ገደብ ጠበቅ ያለ ነው፣ አሜሪካ አስር እጥፉን 0.5 ነው የምትፈቅደው፣ ግን በዛም ሂሳብ ከአራቱ ናሙና አንዱ ገደማ ከገደቡ በላይ ነው።

ማፍላት አያጠፋውም። እርጎ ማድረግም ብዙ አይፈይድም። አይብ ላይ ደሞ ይባስ ይከማቻል ምክንያቱም ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ነው የሚጣበቀው፣ ቅቤ ላይ ግን ያንሳል። ደስ የሚለው ነገር ላሟ የተበከለውን መኖ ካቆመች ከሦስት አራት ቀን በኋላ ወተቱ ላይ በጣም ይቀንሳል፣ ማለትም አርቢው ዛሬ ቢወስን በሳምንቱ ለውጥ አለ።

እኔ አንዴ ከአንድ መጋዘን ኩንታል ፋጉሎ ገዝቼ ቤት ስከፍተው እርጥበት እርጥበት ሸተተኝ፣ መሃሉ ነጣ ያለ ነገር ይዟል። መለስኩለት፣ አልቀበልም አለ። ምን አደረግኩ? ፀሐይ ላይ አስጥቼ አበላኋት። ያኔ አላወቅኩም ነበር፣ ፀሐይ ሻጋታውን ያደርቀዋል እንጂ መርዙን አያወጣውም። ያን ወተት ለጎረቤት ልጆች ነው የሸጥኩት፣ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚ ፋጉሎ ይቅር ነው? አይደለም። ትኩስ ከመጭመቂያው በቀጥታ የወጣ፣ ደርቆ የቀዘቀዘ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ የተቀመጠና በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ኩንታል ላይ ኩንታል ከምሮ ክረምቱን በሙሉ የሚያቆይ ሰው ነው የሚያስፈራው። የተልባ ፋጉሎ ከተገኘ እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ በአገር ውስጥ መጭመቂያ ስለሚጨመቅ ዘይት ይቀርበታል፣ ትንሽም ብትሆን የወተቱን ኦሜጋ 3 ይጨምራል። ግን እሱም ከሻገተ ያው ነው።

አተላ። የሰው ሁሉ መሳለቂያ ነው ግን ፍትህ እንስጠው። የጠላና የአረቄ አተላ ገብስና ጌሾው ፈልቶ የቀረ ነው፣ እርሾው ፕሮቲን አለው፣ የቢራ ፋብሪካ የሚያወጣው የገብስ ተረፈ ምርት ደሞ ከደረቀ ሂሳብ ሩብ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው። ወተት ያበዛል። "ውሃ ነው" የሚለው ስም የመጣው ባለቤቱ ሆዷን በአተላ ሞልቶ ድርቆሽ ስለሚነፍጋት ነው፣ ከላይ እንዳልኩት ስታመሰኳ ነው ቅባቱ የሚመጣው፣ ምንም ሳታመሰኳ የዋለች ላም ቅባቱ ይወርዳል። አተላ ከድርቆሽ ጋር በልኩ የምትበላ ላም ግን ከማንም አታንስም። ሽታው ግን እውነት ነው፣ ልትታለብ ስትል አተላ ከጠጣች ሽታው ወተቱ ላይ ይመጣል፣ ሽንኩርትና ጎመን ተረፈ ምርትም እንደዛው፣ መፍትሄው ከታለበች በኋላ መስጠት ነው። የቢራው ደሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በሞቃት ቀን ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላው ይበላሻል፣ እሱም ይሻግታል፣ ስለዚ ከፋብሪካ ርቆ ያለ ሰው የገዛውን በስንት ቀን እንደሚጨርስ ጠይቁት።

ሱፐርማርኬት በፕላስቲክ የታሸገ ወተት የምትገዙ ሰዎች፣ ለናንተ ይሄ ሁሉ ብዙም አይሰራም፣ ምክንያቱም ከመቶ ቤት የመጣ ወተት ነው የሚቀላቀለው፣ ቅባቱም ፋብሪካው በሚፈልገው ልክ ይስተካከላል፣ ትርፉ ቅቤ ይሆናል። ጥቅሙ ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ እንዲሞት የተሞቀ) መሆኑ ነው፣ በጀርም በኩል ከሰፈር ጥሬ ወተት ይሻላል። አፍላቶክሲኑን ግን ፓስቸራይዝ ማድረግ አይነካውም።

አሜሪካ ያላችሁ ደሞ ስልክ ላይ "ኦርጋኒክ ልግዛ ወይስ ግራስ ፌድ (ሳር የበላች ላም ወተት)" እያላችሁ የምትጠይቁኝ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኦርጋኒክ የሚለው እዛ ላሟ በአመት ቢያንስ 120 ቀን ግጦሽ እንድትወጣና በዛ ወቅት ከምትበላው 30 ከመቶው ከግጦሽ እንዲሆን ነው የሚያስገድደው፣ ቀሪው ኦርጋኒክ እህል ሊሆን ይችላል። ግራስ ፌድ ነው ወደ እማማ ላሞች የሚቀርበው። ስብ የወጣለት ወተት ከሆነ ግን የምትገዙት የሳሩ ጥቅም ያለው ስቡ ውስጥ ነው፣ ስለዚ ስኪም ግራስ ፌድ መግዛት ቅቤውን ጥሎ ቅሉን እንደመግዛት ነው።

የሰፈር ወተት ስትገዙ መኖ ላይ ብቻ አትፍረዱ። መጀመሪያ የሚታለበው ቀጭን ነው፣ መጨረሻ ላይ ግቷ ሊያልቅ ሲል የሚወጣው ብዙ እጥፍ ቅባት አለው፣ እና ጥጃዋን መጨረሻ ላይ የሚለቅ ሰው ወፍራሙን ለጥጃው ነው የተወው። የማታው ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ ወፍራም ነው ምክንያቱም በመሃሉ ያለው ሰዓት ያጥራል። የሀበሻ ላም በዘሯ ቅባቷ ከፍሪዥያን ይበልጣል፣ ምንም ትብላ ምንም። ሁዳዴ ላይ ደሞ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ብዙ አርቢ መኖ ይቀንሳል፣ እኔም እቀንስ ነበር፣ ስለዚ የሁዳዴ ወተትና የጥቅምት ወተት ከአንድ ላም ሆኖም አንድ አይደለም።

እኔ አሁን የምገዛው ከማን ነው? ለቅቤና ለእርጎ ከመስከረም እስከ ህዳር ከእማማ፣ ውድ ቢሆንም። ለዕለት ሻይና ለልጆች ከሁለተኛው ቤት፣ ግን ሄጄ ፋጉሎውን የሚያስቀምጥበትን አይቼ፣ ኩንታሉን ከፍቶ አሸትቶኝ ነው የጀመርኩት። "ይሄ ሳምንት ምን በሉ?" ስለው የማይቆጣ ሰው ነው። አተላ ቤቱ ድርቆሽ መግዛት ጀምሬያለሁ ብሎኛል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ በረቱን አያለሁ።